አሮጌ መኖሪያ መኪና ለበጎ ፈቃደኞች ማደሪያ



ድርቅ በደረሰበት ሥፍራ ሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው የተራበው ሕዝብ እህል፣ ውሃና መድኃኒት መሆኑ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ያንን እህል የሚያከፋፍለው፣ ያንን መድኃኒት የሚያድለው በጎ ፈቃደኛ የት እንደሚያድር ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ጓዙን ይዞ ከደረሰ በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት የሚገኘው መላ ከትምህርት ቤቱ ወይም ከጤና ጣቢያው አንዱን ክፍል ማስለቀቅ ይሆናል። ሊረዳ የመጣ ሰው ሥራውን ሳይጀምር ከተረጂው ላይ ወሰደ ማለት ነው።

ችግሩ የቆየ ነው። በ1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማርተዋል። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ብዙ መቶ ሺህ ሕዝብ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ መተከል፣ ወደ አሶሳና ወደ ሌሎችም ሥፍራዎች በሰፈረበት ወቅት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ጎጆ ለመሥራት ዘምተዋል። የቆላ ወባን ሳያውቅ ከደጋ የወረደው ሰፋሪ በብዛት ታሟል፤ ትንኝዋም ሰፋሪ ማነው፣ ዘማች ማነው ብላ አትለይም። በወባ የወደቀ በጎ ፈቃደኛ ደግሞ ለሰፋሪ የተዘጋጀውን አልጋና መድኃኒት ይሻማል።

ከመፍትሔዎቹ አንዱ መኝታና ማብሰያ በውስጡ ያለውን አሮጌ መኖሪያ መኪና፣ ወይም ሞተሩ የደከመ አውቶቡስ አካል፣ መስመር ኃይል በማይደርስበት ጣቢያ ማደሪያ አድርጎ ማቆም ነው። ሞተሩ ባይሠራ በጭነት መኪና ይጎተታል። ሥራው ሲያልቅ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ከድንኳንም ይልቅ ነፋስንና ዝናብን ይችላል። ነገር ግን እንዲህ ያለው መኪና የተሠራው ውሃ በየመንገዱ ለሚሞላበት የሽርሽር ጉዞ እንጂ ለድርቅ አገር አይደለም።

ትልቁ ጉዳይ ውሃ ነው። በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለንጽሕና እንዲደርስ ይመከራል። ስድስት ሰዎች በቀን 90 ሊትር፣ በሳምንት 630 ሊትር ይፈልጋሉ። 100 ሊትር የሚይዝ የመኪና ታንከር እንግዲህ ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍም። በመሆኑም ባለ 200 ሊትር በርሜሎች ቢያንስ አራት ሊዘጋጁ፣ ቦቴው ሲመጣም ሊሞሉ ይገባል። ሰፋሪው ጄሪካን ይዞ ከሚሰለፍበት ጉድጓድ በጓሮ በር መቅዳት ግን ከሕዝቡ ጋር ለመቀያየም አጭሩ መንገድ ነው። በርሜሎቹ በጣራ ላይ አይጫኑ፤ 630 ሊትር ውሃ 630 ኪሎ ነው፤ ያረጀ ሻሲ አይሸከመውም። ይልቅስ ጣራው ዝናብ ይቀበል፤ 7 ሜትር በ2 ሜትር በሆነ ጣራ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 140 ሊትር ያህል ይወርዳል፤ አቧራውን አጥቦ የሚወርደው የመጀመሪያው ውሃ ይደፋል።

ስለ ኃይል ሲነሣ የሚደረገው ስሌት በአብዛኛው የጥር ፀሐይን የሚመለከት ነው። በሐምሌ ግን ሰማዩ ይከደናል። ባለ 200 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ በጥሩ ቀን በወረቀት ላይ 1,000 ዋት ሰዓት ቢሰጥም፣ ሙቀቱ፣ አቧራውና ሽቦው ተቀንሶ 700 ያህል ይገኝበታል፤ በክረምት ከዚያም ያንሳል። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ቢይዝም ከግማሹ በላይ የተጠቀሙበት እንደሆነ ዕድሜው ያጥራል። አራት ባለ 5 ዋት አምፖሎች ለአራት ሰዓት ቢበሩ 80 ዋት ሰዓት ነው፤ ለስልክና ለሬዲዮም ይተርፋል። የክትባት ማቀዝቀዣ ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሊጠበቅ የሚገባው ስለሆነ የራሱ ሰሌዳ ይኑረው፤ ማንም ለሙዚቃ ብሎ ገመድ እንዳይቀጥልበት። ባትሪው ኃይል ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ከመኝታው ውጭ፣ አየር በሚያገኝ ሣጥን ይቀመጥ።

በኮረምና በመሰሉት ብርዳማ ሥፍራዎች ማታ የከሰል ምድጃ ወደ መኪናው ማስገባት ያጓጓል። በተዘጋ መኪና ውስጥ የከሰል ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ተኝተው ያሉትን ይገድላል፤ ይህ ያለ ምንም ልዩነት የተከለከለ ይሁን። ብርድ ልብስ ይጨመር። ቡታጋዝ የሚጠቀሙም እንደሆነ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ማስተንፈሻው ከወለሉ አጠገብ ይቀደድ።

በቆላ ነገሩ ይገለበጣል። ቆርቆሮው በቀን እንደ ምጣድ ስለሚግል ከጣራው ከፍ ብሎ የሣር ዳስ ይጣልበት፤ መስኮቶቹ በወንፊት ሽቦ ይሸፈኑ፤ አጎበርም አይቅር። የቆላ ዝንብ ባለበት አገር መኪናውን ሰማያዊ ወይም ጥቁር ቀለም መቀባት ዝንቡን መጥራት ነው፤ የማጥመጃ ጨርቆች ሰማያዊ የሚሆኑትም ስለዚሁ ነው። ነጭ ይቀባ።

የመኪናው የራሱ መጸዳጃ መድፊያ በሌለበት አገር ከጥቅሙ ጉዳቱ ስለሚበዛ ይዘጋ፤ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ጉድጓድ ይቆፈር፤ አመድ ይነስነስበት።

የሚቆምበት ሥፍራ ሳይመረጥ ሽማግሌዎቹ ይጠየቁ። ባዶ የሚመስል መሬት የከብት መሄጃ ወይም የመቃብር ቦታ ሊሆን ይችላል። ጨለማ በዋጠው መንደር መካከል ብቻውን የሚያበራ መኪናም ወሬ ያመጣል፤ ከመብራቶቹ አንዱ በውኃ መቅጃው ወይም በጤና ኬላው በር ላይ ቢተከል ሰሌዳውን የሚጠብቀው መንደሩ ራሱ ይሆናል።

ጎማዎቹ በፀሐይ እንዳይሰነጣጠቁ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በእንጨት ጉማጅ ላይ ይቀመጥ፤ ጎማዎቹም ይሸፈኑ። በጎ ፈቃደኞቹ ሲመለሱ ቁልፉን ማን እንደሚረከብ፣ ሰሌዳው ለጤና ኬላው ይቅር ወይም ይነሣ የሚለው መኪናው ከመድረሱ በፊት በጽሑፍ ይወሰን። ያረጀው ባትሪ እርሳስና አሲድ ስለያዘ በጣቢያው አይጣልም፤ ባመጣው መኪና ወደ ከተማ ይመለሳል።