የማይታየውን ጨረር በሚታይ ብርሃን መጠበቅ

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ ሥራህ ትንሽ ንገረን» ሲለኝ ደስም አለኝ፣ ፈራሁም። ደስ ያለኝ አራት ኪሎ ፊዚክስ ተምሬ ከወጣሁ ከስንት ዓመት በኋላ መምህራኖቼ ፊት መቆሜ ነው። የፈራሁት ደግሞ ስለ ሥራዬ በእውነት ልናገር ካልኩ ስለ አንድ ስህተት መናገር ስላለብኝ ነው። እንግዲህ ከእሱ ልጀምርና ልገላገል።

እኔ አሜሪካ ውስጥ በካንሰር የጨረር ሕክምና ክፍል የምሠራ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ነኝ። ሐኪሙ «ዕጢው ይህን ያህል ጨረር ያግኝ፤ ልብ፣ ሳንባ፣ አከርካሪ ደግሞ ከዚህ በላይ እንዳያገኙ» ብሎ ያዛል። ትእዛዙ በሂሳብም በማሽንም በትክክል መፈጸሙን ማረጋገጥ የእኔና የባልደረቦቼ ድርሻ ነው።

ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ሆስፒታል፣ የግራ ጡት ካንሰር ያለባት አንዲት ሴት ትታከም ነበር። ያን ጊዜ ታካሚ የምናስተካክለው በሦስት ነጥብ ነው። ሲቲ ስካን በምትነሣበት ቀን በመርፌና በቀለም ሦስት ጥቃቅን ነጥቦች ቆዳዋ ላይ ይነቀሳሉ፤ አንዱ ደረቷ መሐል፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ ጎኗ። በየቀኑ ስትመጣ ከግድግዳው የሚወጣው የሌዘር መስመር ነጥቦቹ ላይ ካረፈ «ተስተካክላለች» ተብሎ ሁሉም ከክፍሉ ይወጣል፣ ጨረሩ ይለቀቃል። በኤክስሬይ የምናረጋግጠው በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ምስል ደህና ነበር። በስድስተኛው ቀን በተነሣው ምስል ላይ ግን ጨረሩ በሚያልፍበት መስኮት ውስጥ ከታቀደው በላይ ሳንባና የልብ ጠርዝ ገብቶ ታየ። ምክንያቱን ስንፈልግ የክንድ መደገፊያው ነው። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ከተመዘገበው ቁጥር በአንድ ቀዳዳ ተዛንፎ ይቀመጥ ነበር። ክንድ ሲዛነፍ ትከሻ ይዞራል፤ ትከሻ ሲዞር ጡትም የደረት ግድግዳም ቦታቸውን ይለቃሉ። ሦስቱ ነጥቦች ግን በየቀኑ ከሌዘሩ ጋር ይገጥሙ ነበር። እኛም በየቀኑ ፈርመናል።

ትርፍ የሆነውን መጠን አስልተን ለሐኪሟ ሰጠን፣ ዕቅዱ ተስተካከለ፣ ሐኪሟም ጠርታ ሁሉንም ነገረቻት። እኔም ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ሴትዮዋ አልጮኸችም። «አራት ቀን ሙሉ ማንም አላየኝም ማለት ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀች። እውነተኛው መልስ «አዎ» ነበር። ነጥቦቹን ስናይ ቆይተን እሷን ሳናያት ቀረን። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ ሁሉ ለዚያች ሴት ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

«ለጥቂት ሚሊሜትር ይህን ያህል መጨነቅ ምንድነው?» ትሉ ይሆናል። በስዊድንና በዴንማርክ ለጡት ካንሰር በጨረር የታከሙ 2,168 ሴቶችን የያዘ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። በጥናቱ መሠረት ልብ በአማካይ ለተቀበለው ለእያንዳንዱ 1 ግሬይ ከባድ የልብ ሕመም የመከሰት ዕድል በ7.4 በመቶ ይጨምራል። «ከዚህ በታች ከሆነ ችግር የለውም» የሚባል ወለልም አልተገኘም። ጉዳቱ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ውስጥ መታየት ይጀምርና ከ20 ዓመት በላይ ይዘልቃል። ዛሬ ከካንሰር ያዳናትን እናት ከ15 ዓመት በኋላ ለልብ ሐኪም ማስረከብ ሙሉ ማዳን አይባልም።

ሌላም ነገር አለ። ድሮ የጡት ጨረር በ25 ቀን ተከፋፍሎ 50 ግሬይ ይሰጥ ነበር። ዛሬ በ15 ቀን 40 ግሬይ የተለመደ ነው፤ ለአንዳንዶቹም በ5 ቀን 26 ግሬይ ይሰጣል። ለታካሚዋ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ልብ በሉ፦ ከ25 ቀን አንዱ ቢበላሽ አንድ ሃያ አምስተኛ ነው፤ ከ5 ቀን አንዱ ቢበላሽ አንድ አምስተኛ። ቀኖቹ ባነሱ ቁጥር እያንዳንዱን ቀን በደንብ ማየት ግድ ይሆናል።

ታዲያ ብርሃን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አሁን በምሠራበት ክፍል ጣሪያ ላይ ሦስት የካሜራ ሣጥኖች ተሰቅለዋል። ታካሚዋ ቆዳ ላይ ዝንጉርጉር የብርሃን ንድፍ ያሳርፋሉ። ንድፉ ጠፍጣፋ ቦታ ላይና ጉብ ያለ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት መልክ የለውም። ካሜራዎቹ ያንን ከተለያየ አቅጣጫ ያዩና፣ ሁለተኛ ደረጃ በተማርነው የሦስት ማዕዘን ሂሳብ፣ በሺህ የሚቆጠሩ የቆዳ ነጥቦች የት እንዳሉ ያሰላሉ። የተገኘው ቅርጽ በሲቲ ስካን ቀን ከተመዘገበው ቅርጽ ጋር ይነጻጸራል። በሦስት ነጥብ ፋንታ ደረት፣ ትከሻ፣ ክንድ፣ አገጭ ሁሉ ይታያል። ጨረሩ በሚሰጥበት ጊዜም ካሜራው ዓይኑን አይነቅልም፤ ታካሚዋ ከተወሰነው ወሰን፣ ለምሳሌ ከ3 ሚሊሜትር፣ ካለፈች ጨረሩ ወዲያው ይቆማል። ኤክስሬይ ባነሳን ቁጥር ትንሽም ቢሆን ተጨማሪ ጨረር እንሰጣለን። ይህ ግን ተራ ብርሃን ነው፤ ሙሉ ሰዓት ቢያርፍባት ምንም አያደርጋትም።

ትልቁ ጥቅሙ የታየው በትንፋሽ ነው። ሰው አየር በደንብ ስቦ ሲይዝ ሳንባው ይሞላል፣ ልብም ከደረት ግድግዳ ይርቃል። በዚያች ሃያ ሴኮንድ አካባቢ ጨረሩን ብንለቅ ልብ ይተርፋል ማለት ነው። ችግሩ ታካሚዋ በየጊዜው እኩል መሳብ አለባት። ያንን የሚለካው ብርሃኑ ነው።

አንዲት አገራችን ሴት፣ ዕድሜያቸው ስልሳ ያለፈ፣ ልጃቸው ጋ የሚኖሩ እናት ለዚህ ሕክምና መጡ። አንገታቸው ላይ የሚያምር የድሮ ንቅሳት አለ። ባለሙያዋ ለመጠባበቂያ ነጥብ ልትነቅሳቸው ስትዘጋጅ በአማርኛ ነገርኳቸው። ሳቁ። «ልጄ፣ በልጅነቴ እናቴ ነቀሰችኝ፤ አሁን ደግሞ በእርጅናዬ ፈረንጅ ሊነቅሰኝ?» አሉኝ። ተነቀሱ፤ በማግስቱ ግን ነጥቡን ቆዳቸው ላይ ፈልገን ለማግኘት ተቸገርን። ጥቁር ቀለም በጠይም ቆዳ ላይ መቼ ይታያል?

ካሜራውም ቢሆን መጀመሪያ አላያቸውም። ስክሪኑ ላይ የደረታቸው ቅርጽ እዚህም እዚያም ተቦድሶ መጣ። ምክንያቱ ቀላል ፊዚክስ ነው፤ ጠይም ቆዳ ብርሃኑን አብዝቶ ይውጣል፣ ወደ ካሜራው የሚመለሰው ያንሳል። የካሜራውን የብርሃን መቀበያ ማስተካከያ ከፍ ስናደርገው ቅርጹ ሞላ። ማስተካከያው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ግን ማስተካከል እንዳለበት የሚያውቅ ሰው መኖር ነበረበት።

ትንፋሹ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ማሽኑ የሚሰጠው መመሪያ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ድምፁ ሲሰማ ትንፋሽ መያዝ ሲገባቸው ይደነግጡና ያስወጡታል። እኔ ማይክሮፎኑን ተቀበልኩ። «እትዬ፣ ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ይሳቡ... ይሳቡ... አሁን ይያዙ። ጎሽ!» ስክሪኑ ላይ መስመሩ ወጥቶ ከወሰኑ ውስጥ ገባና ቀጥ አለ። ጨረሩ ተለቀቀ። ሲወጡ «አንተ እያወራኸኝ እኮ የቤቴ ያህል ሆነልኝ» አሉኝ። ያ ሁሉ ውድ መሣሪያ እኮ አንድ የአማርኛ ቃል ጎድሎት ቆሞ ነበር።

ሁለተኛው የብርሃን ዓይነት ለእኛ ለፊዚክስ ሰዎች ልዩ ነው። ፓቬል ቼረንኮቭ እ.ኤ.አ. በ1934 ያጠናውን፣ በ1958 ከፍራንክና ከታም ጋር ኖቤል የተሸለመበትን ሰማያዊ ብርሃን ታስታውሳላችሁ። ኤሌክትሮን በውኃ ውስጥ ብርሃን ከሚጓዝበት ፍጥነት በልጦ ሲሮጥ ያንን ብርሃን ይረጫል። የሕክምናው ጨረርም ሰውነት ውስጥ ሲገባ እንዲህ ያሉ ፈጣን ኤሌክትሮኖች ስለሚፈጥር፣ ጨረሩ ያረፈበት ቆዳ ራሱ በጣም ደካማ ብርሃን ይሰጣል። በዓይን አይታይም። ነገር ግን ማሽኑ ጨረር የሚለቀው በአጫጭር ምት ስለሆነ፣ ከምቱ ጋር እኩል የሚከፈትና የሚዘጋ ካሜራ ሊይዘው ይችላል። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር የሚገኘው ዳርትማውዝ በዚህ ቀዳሚ ነው። ካሜራው ጨረሩ ያረፈበትን ቦታ በሰዓቱ ያሳያል፤ በዚህም ሌላኛው ጡት፣ ክንድ ወይም አገጭ ሳይታሰብ ጨረር ሲያገኝ የታየባቸው ታካሚዎች አሉ። ያቺ ሴት እንዲህ ያለ ካሜራ ፊት ብትሆን ኖሮ ስህተታችን ስድስተኛው ቀን ድረስ ተደብቆ አይቆይም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይሁንና ላጋንን አልፈልግም። የመጀመሪያው ብርሃን ቆዳን እንጂ ውስጥን አያይም፤ ስለዚህ ኤክስሬይና ሲቲ አይቀሩም። የሆድ ወይም የዳሌ ውስጥ ዕጢ ቆዳው ቀጥ ብሎ ሳለ ሊንቀሳቀስ ይችላል። የቼረንኮቭ ብርሃንም በጠይም ቆዳ ውስጥ ሲያልፍ ስለሚዋጥ፣ ምስሉ ደብዝዞ «ያነሰ ጨረር አግኝታለች» የሚያሰኝ የተሳሳተ ግምት ሊሰጥ ይችላል። የቆዳን ቀለም አስልቶ ማረም ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው ወደ ቤታችን የምመለሰው። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ በኮባልት 60 ሲያገለግል ኖሯል። ኮባልት 60 በ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ግማሹ ያልቃል። ስለዚህ ምንጩ ሲያረጅ ታካሚው ሳይነቃነቅ የሚተኛበት ጊዜ እጥፍ ይሆናል፤ እዚያ የሠሩ ባለሙያዎች በምን ትዕግሥት እንደሠሩ እኔ በሙያዬ አውቃለሁ፣ ባርኔጣዬን አነሳላቸዋለሁ። ዛሬ ሊኒየር አክስለሬተር ገብቷል፤ አገልግሎቱም ከአዲስ አበባ ውጭ ጀምሯል። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው፤ ብዙዎቹም በወጣትነት ዕድሜ የሚያዙ ናቸው። ከዳኑ በኋላ ገና ረጅም ዕድሜ አላቸው። ልባቸው ሊጠበቅ ይገባዋል።

«ካሜራ ገዝተን እንላክ» ብዬ ገንዘብ ላሰባስብ አልመጣሁም። መለዋወጫና የሚጠግን ሰው የሌለው መሣሪያ በሁለት ዓመት ውስጥ አቧራ ለባሽ ነው። የምለምናችሁ ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ካሜራ እስኪመጣ ዓይን አለ። በመጀመሪያው ቀን የታካሚዋን አተኛኘት ፎቶ አንስቶ ፋይሉ ላይ መለጠፍ፣ የክንድ መደገፊያውን ቁጥር አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው ማረጋገጥ። የእኔን ስህተት ይህ ብቻ ያስቀረው ነበር፤ ዋጋውም የወረቀት ዋጋ ነው።

ሁለተኛ፣ የትንፋሽ መመሪያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ በጥሩ ድምፅ እንቅዳ። የቴአትርና የቋንቋ ተመራቂዎች፣ እናንተንም ነው የምለው። ቅጂው ለአገር ቤት ብቻ ሳይሆን በውጭ ለሚታከሙ እናቶቻችንም ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ ለፊዚክስ ትምህርት ክፍል። አንድ ተራ ፕሮጀክተርና ሁለት ካሜራ ካለ፣ የአሻንጉሊት ደረት ቅርጽ በብርሃን መለካት ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ሥራ ነው። የተለያየ የቆዳ ቀለም ብርሃንን ምን ያህል እንደሚውጥና እንደሚመልስ መለካት ደግሞ እኛ ከማንም በተሻለ ልንሠራው የሚገባ ምርምር ነው። ይህን የሚሠሩ ተማሪዎችን በርቀት ለማማከር ቃል እገባለሁ። ሰዓቱ ለእናንተ ጠዋት ከሆነ ለእኔ ሌሊት ነው፤ እነሣለሁ።

ከአራት ኪሎ ጥቁር አንበሳ ሩቅ አይደለም። እኔ ተማሪ ሆኜ አንድ ቀን እንኳ ተሻግሬ የጨረር ክፍሉን አላየሁም። የዛሬ ተማሪዎች ይሻገሩ። እዚያ አልጋው ላይ የተኛች እናት «ማንም አላየኝም?» ብላ ብትጠይቅ፣ «አይተንሻል» የሚላት ሰው ከእነሱ መካከል ይውጣ።