ተመልሶ የሚበቅለው ፀጉራችን
(በአባላት ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬውን ርዕስ የመረጣችሁት እናንተው ናችሁ። በየስብሰባው ስለ ምርመራ፣ ስለ አመጋገብና ስለ መድኃኒት እንነጋገራለን፤ ቡናው ሲቀርብ ግን ወሬው ወደ ፀጉር ይዞራል። «የኔ ከርዳዳ ሆኖ መጣ»፣ «የኔ ደግሞ ሉጫ ሆነ»፣ «የኔ ሸበተ»፣ «የኔስ ለምን ዘገየ?» እንባባላለን። ይህን እንደ ተራ ወሬ አናየውም። ፀጉሬ ይረግፋል ብለው ኬሞ የሚፈሩ እህቶች አሉ። ፀጉሬ በቅሏልና ድኛለሁ ብለው ክትትል የሚተዉም አሉ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ኬሞቴራፒ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎችን ያጠቃል። የካንሰር ሴሎች እንዲህ ናቸው፤ በፀጉራችን ሥር ያሉት ሴሎችም እንዲሁ ናቸው። በራሳችን ላይ ካለው ፀጉር ከ10 እጅ 9 ያህሉ ሁልጊዜ በማደግ ላይ ስለሆነ መድኃኒቱ ሲያገኘው አብዛኛው ባንድ ጊዜ ይረግፋል። የሚጀምረውም የመጀመሪያው መድኃኒት ከተሰጠ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ነው። ቅንድብና ሽፋሽፍትም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። መድኃኒቶቹ ግን እኩል አይደሉም። ለጡት ካንሰር ከሚሰጡት መካከል ቀይ ቀለም ያለው ዶክሶሩቢሲንና ፓክሊታክሰል ብዙውን ጊዜ ፀጉርን ሙሉ በሙሉ ያራግፋሉ፤ ሌሎች ደግሞ ያሳሱታል እንጂ አይጨርሱትም። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንያዝ፦ ፀጉሯ ያልረገፈ ሴት መድኃኒቱ አልሠራላትም ማለት አይደለም። ፀጉሯ የረገፈባትም በሽታዋ የከፋ ነው ማለት አይደለም።

ደጋፊዎቻችን እንድትረዱልን የምንፈልገው ነገርም አለ። በአገራችን ፀጉሯን የተላጨች ሴት ስትታይ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ «ማን ሞቶባት ይሆን?» የሚል ነው፤ ፀጉር መላጨት በብዙ አካባቢ የሐዘን ምልክት ሆኖ ኖሯልና። ሻሽ የምንጠመጥመው ራሳችንን ለመሸፈን ብቻ ሳይሆን ይህን ጥያቄ ለማለፍም ነው። በታክሲ ውስጥ፣ በገበያ፣ በልቅሶ ቤት ለማናውቀው ሰው ስለ ሕመማችን ማስረዳት ይደክማል። እናንተ የምትልኩልን ሻሽና ዊግ ለአንዳንዱ ሰው ቅንጦት ይመስለው ይሆናል። ለእኛ ግን ሳንጠየቅ ከቤት ወጥተን የምንገባበት ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የመጨረሻው ኬሞ ካበቃ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ገደማ እንደ ሕፃን ፀጉር የሳሳና የለሰለሰ ነገር ብቅ ይላል። እውነተኛው ፀጉር ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል፤ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። በ6 ወር ውስጥ ጥቂት ጣት ያህል ይሆናል ማለት ነው። ፀጉሩ የተጠቀለለ ከሆነ ካልተዘረጋ ርዝመቱ ስለማይታይ የቆመ ይመስላል እንጂ እያደገ ነው። ከመካከላችን በየሳምንቱ በክር የምትለካ ነበረች፤ ሳምንት አይበቃም፣ በወር አንድ ጊዜ ለኪው ብለናት ስቀናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የሚመጣው ፀጉር ግን የሄደው ላይሆን ይችላል። ሉጫ የነበረው ተጠቅልሎ ይመጣል። ከርዳዳ የነበረው ለስልሶና ላልቶ ይመጣል። ጥቁር የነበረው ሽበት ይበዛዋል፤ በአንዳንዶቻችን ላይ ደግሞ ከቀድሞው ይጠቁራል። ግንባር ላይ አንድ ዓይነት፣ ማጅራት ላይ ሌላ ዓይነት የሆነባትም አለች። የፀጉር ቅርጽ የሚወሰነው ከሚወጣበት ሥር ነው፤ ሥሩ ከመድኃኒቱ ጉዳት እያገገመ ሳለ የሚያወጣው ፀጉር ከቀድሞው ሊለይ ይችላል። ቀለም የሚሰጡት ሴሎችም ሥራቸውን እስኪጀምሩ ድረስ ፀጉሩ ነጭ ወይም አመድማ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በብዙዎች ላይ ይህ ለውጥ ጊዜያዊ ነው። ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ፀጉሩ ወደ ቀድሞ ጠባዩ እየተጠጋ ይሄዳል። እንደ ተለወጠ የሚቀርባቸውም አሉ።

አሁን ዛሬ ልንላችሁ የመጣነውን እንናገር። ፀጉር የጤና ማስረጃ አይደለም። መብቀሉ የሚነግረን ኬሞው ከሰውነታችን እየወጣና የፀጉሩ ሥር እያገገመ መሆኑን ብቻ ነው። ካንሰሩ ስለ መጥፋቱ ምንም አይነግረንም። ብዙዎቻችን ከኬሞ በኋላ ታሞክሲፈን ለ5 ዓመት፣ አንዳንዶቻችንም እስከ 10 ዓመት እንድንወስድ ታዘናል። ፀጉራችን ሞልቶ፣ ሰው ሁሉ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» እያለን፣ በየቀኑ ክኒን መዋጥ ትርጉም የሌለው ሊመስለን ይችላል። መድኃኒቱ የሚቋረጠው፣ ቀጠሮው የሚዘለለው በዚህ ጊዜ ነው። ጎረቤት «ድነሻል» ስትል የምታየው ፀጉራችንን ነው፤ ሐኪሙ የሚያየው ሌላ ነው። በተቃራኒው ሽበት መብዛቱ ወይም ፀጉሩ መሳሳቱ በሽታው መመለሱን አያመለክትም። በዚህ ምክንያት እንቅልፍ ያጡ እህቶችን እናውቃለንና ይህንንም ደግመን እንናገራለን።

ስለ አያያዙ ጥቂት እንበል። አዲሱ ፀጉር ስስ ነው። ማለስለሻ ኬሚካልና ቀለም ቢያንስ 6 ወር ቢቆዩ ይሻላል። በካውያ መተኮስም ይቆይ። በዓል ሲደርስ ሹሩባ መሠራት እንደሚያምረን እናውቃለን፤ ነገር ግን ጠብቆ የተሠራ ሹሩባና የተቀጠለ ፀጉር አዲሱን ከሥሩ ይነቅለዋል። ሠሪዋን «ላላ አድርጊልኝ» ማለት ነውር አይደለም። ቅቤ መቀባት የለመድነው ነው። ሆኖም ሕክምናው ገና ካላበቃ ወይም ራስ ላይ ቁስል ካለ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ በዚያ ጊዜ ነጭ የደም ሴል ስለሚያንስ ቁስል በቀላሉ ያመረቅዛል። ፀጉር የሌለው ራስ ፀሐይ ያቃጥለዋልና ሻሽ ወይም ባርኔጣ አይለያችሁ።

ኬሞ ካለቀ 6 ወር አልፎት ፀጉሩ ካልበቀለ፣ ወይም እዚህም እዚያም ባዶ ከቀረ ለሐኪም ይነገር። ዶሴታክሰል ከተባለው መድኃኒት በኋላ በጥቂት ሴቶች ላይ ፀጉር ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ ይቀራል። የደም ማነስና የታይሮይድ ችግርም ፀጉርን ያሳሳሉ፤ እነዚህ ተመርምረው የሚታከሙ ናቸው። ታሞክሲፈንም በአንዳንዶች ላይ ፀጉር ያሳሳል። በዚህ የተቸገረች ካለች ለሐኪሟ ትናገር እንጂ በራሷ አታቋርጥ።

ፀጉራቸው ያልተመለሰላቸው እህቶችም ዛሬ አብረውን ተቀምጠዋል። ስለዚህ በመካከላችን አንድ ልማድ እናድርግ፦ ማንም የማንንም ፀጉር ሳይፈቀድለት አይንካ፤ የአንዷ ከሌላዋ ጋር አይወዳደር። ለባሎቻችን፣ ለልጆቻችንና ለጎረቤቶቻችንም አንድ ቃል አለን። «አሁንማ ድነሻል» ከምትሉን «ቀጠሮሽ መቼ ነው? እንሸኝሽ» በሉን። «ምነው እንዲህ ሆነ?» ከማለት «አምሮብሻል» ይበቃል።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ የሻሹንና የዊጉን ድጋፍ አታቋርጡብን። ከዚያ ጋር ግን ሁለት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛው ፀጉራቸው ከበቀለ በኋላ ለክትትል ከክፍለ ሀገር ለሚመላለሱ አባላት የትራንስፖርት ገንዘብ ነው። ሰው መርዳት የሚያቆመው ሻሹ ሲወልቅ ነው፤ መንገዱ ግን ያን ጊዜም አላለቀም። ሁለተኛው ለሹሩባ ሠሪዎችና ለፀጉር ቤት ባለሙያዎች ስለ አዲሱ ፀጉር አያያዝ የምናስረዳበት የግማሽ ቀን ሥልጠና ነው። ብዙ ሴት ከሐኪም ይልቅ ፀጉር ሠሪዋን ዘወትር ታገኛለች፤ «ክትትልሽን ጨረስሽ ወይ?» ብላ የምትጠይቃት እሷ ብትሆን ትልቅ ነገር ነው።

 የክትትል ካርዳችሁን ዛሬ ማታ አውጥታችሁ የሚቀጥለውን ቀን እዩት። በሚቀጥለው ስብሰባ እንጠያየቃለን።