አንድ ብልቃጥ ለዐሥር ልጅ

እሷ፦ እስቲ ከብልቃጧ እንጀምር። አንዷ የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ ለ10 ልጅ ናት። ዱቄቱ አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከተከፈተ 9 ሰዓት ላይ ይደፋል።

እሱ፦ ሦስት ልጅ ብቻ ቢመጣስ?

እሷ፦ የሰባቱ ይደፋላ! የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጭንቀት እሱ ነው። ከከፈተች ብክነት ተብሎ ሪፖርት ላይ ይወጣል። «ሐሙስ ነይ» ካለች ደግሞ፣ ስንት መንገድ በእግሯ የመጣች እናት ልጇን እንዳዘለች ትመለሳለች። ሐሙስ ገበያ ነው፤ ትመጣለች ብለህ ነው?

እሱ፦ እኔ ብሆን እከፍተዋለሁ።

እሷ፦ የዓለም ጤና ድርጅትም ለአንድ ልጅም ቢሆን ክፈቱ ነው የሚለው። ግን ድርሻዋ ቢያልቅ ማን ይተካላታል?

እሱ፦ ለእኔ ውዱ መንገዱ ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ጤና ኬላ አለ። ባለሙያዋ በጠዋት ጤና ጣቢያ ሄዳ፣ በረዶውን ሳጥኑ ውስጥ ደርድራ፣ በትከሻዋ አንግታ ዳገት ትወጣለች። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት። ለ5 ልጅም ለ50ም ዳገቱ ያው ነው፤ የአንዱ ልጅ ወጪ ግን ሰማይና ምድር።

እሷ፦ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ ያገኙት ከ100 ሕፃናት 43ቱ ነበሩ።

እሱ፦ ሌሎቹ ጭራሽ አልጀመሩም?

እሷ፦ አብዛኞቹ ጀምረዋል። የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት እኮ በ9 ወር ነው የሚሰጠው፤ እስከዚያ እናትየዋ ስንቴ «ሐሙስ ነይ» ተብላለች?