ቪዲዮው ሲቆም የሚጀምር ትምህርት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከቀረበ ንግግር)



ለሰፈራችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፕሮጀክተር እንግዛ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኔም በመምህርነቴ እደግፈዋለሁ። ሆኖም ከመሣሪያው ጋር አብሮ መታሰብ ያለበት ነገር ስላለ ጥቂት ልናገር።

አገራችን በዚህ ጉዳይ ልምድ አላት። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርት ሲጀመር የገጠሩም የከተማውም ተማሪ እኩል ትምህርት እንዲያገኝ ታስቦ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ትምህርቱ በሳተላይት የሚተላለፍ፣ ያውም በእንግሊዝኛ ስለነበር ተማሪው አልገባኝም ቢል መምህሩ ስርጭቱን ማስቆም አይችልም። ልጁ ጥያቄውን እንደያዘ ቴሌቪዥኑ ያልፈዋል።

ዛሬ በፍላሽ የተጫነ ቪዲዮ ግን ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ መምህሯም በልጆቹ አፍ መፍቻ ቋንቋ ታብራራዋለች። ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

በባቄላ ላስረዳ። ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ላይ እስኪበቅል ቀናት ይወስዳል፤ ቪዲዮው በአንድ ደቂቃ ያሳየናል። መምህሯ ፍሬው ከመሰንጠቁ በፊት ታስቆመውና፣ “መጀመሪያ የሚወጣው ሥሩ ነው ቅጠሉ?” ብላ ትጠይቃለች። ልጆቹ ግምታቸውን ይጽፋሉ። ከዚያ ቪዲዮው ሲቀጥል ሥሩ ቀድሞ ሲወጣ ያያሉ። ቀጥሎ ብርጭቆው ቢጋደምስ ብላ ትጠይቃለች። ይህን ግን ራሳቸው ይሞክሩት፤ ከቀናት በኋላ ሥሩ ወደ ታች ሲታጠፍ በዓይናቸው ያያሉ። ሳይንስ ማለት ይኸው ነው፤ መገመት፣ መሞከር፣ ማየት።

ቪዲዮ ዓይናችን ለማይደርስበት ነገር ይጠቅማል። ልብ ደም ስትረጭ፣ ምድር በራሷ ዛቢያ ስትዞር፣ የወባ ትንኝ ውሃ ውስጥ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ማሳየት ይቻላል። ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ፣ ማግኔት ምስማር ሲስብ ግን በፊልም መታየት የለበትም፤ ልጁ በእጁ ይሥራው።

ስለዚህ ከፕሮጀክተሩ ጋር ሦስት ነገር እንድታስቡልን እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ መምህራን ቪዲዮውን አስቀድመው አይተው የት እንደሚያስቆሙና ምን እንደሚጠይቁ የሚዘጋጁበት ጊዜና ሥልጠና። ሁለተኛ፣ ለብርጭቆ፣ ለጥጥ፣ ለማግኔት የሚሆን አነስተኛ በጀት። ሦስተኛ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ። እነዚህ ካልተሟሉ መሣሪያው አቧራ ለብሶ ይቀመጣል፤ ወይም ልጆቹን ዝም ማሰኛ ይሆናል።

እናቶች ደግሞ ማታ ልጆቻችንን፣ በተለይ ሴቶቹን፣ “ዛሬ ምን አያችሁ?” ብቻ ሳይሆን “ምን ጠየቃችሁ?” እንበላቸው። ባቄላውንም ከየቤታችን እናዋጣለን።