የእናት ዛፍን ዘር ስለ መሰብሰብና ስለ ማኖር
(በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል የተደረገ ንግግር)



የደብራችንን ሃምሳኛ ዓመት በምናከብርበት በዛሬው ቀን ሁላችንም ዓይናችንን ወደ ሕንፃው አንሥተናል። እኔ ግን ብትፈቅዱልኝ በዕድሜ ከሕንፃው ስለሚበልጡት ዛፎች፥ ይልቁንም ስለ ዘራቸው ጥቂት እናገራለሁ።

ጽድ፥ ወይራ፥ ዝግባ፥ ኮሶና ጥቁር እንጨት ቀድሞ ተራራውን ያለበሱ ነበሩ። እርሻና ግጦሽ ደኑን ስለ ጨረሰው፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍም ስፍራውን ስለ ያዘው፥ ዛሬ በብዙው የደጋ አገር እነዚህ ዛፎች የተረፉት በቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ነው።

«ዛፉ ቢቈረጥ ዘሩ በመሬት ውስጥ ይኖራል» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በሰሜን ኢትዮጵያ በአብያተ ክርስቲያናት ዐፀድ አፈሩን የመረመሩ ሊቃውንት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ዓመት ባወጡት ጽሑፍ፥ ከነዚህ ዛፎች የሚበዙት በአፈር ውስጥ ለረጅም ዘመን የሚቈይ ዘር እንደሌላቸው ገልጸዋል። እንግዲህ እናቲቱ ከወደቀች አፈሩ ልጅ አይወልድልንም።

እኔም የራሴን ስሕተት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ችግኝ ለማፍላት አስቤ፥ በደጃፉ ካለችው ከአንዲት ጽድ ብቻ ዘር ለቀምሁ። ሳይደርቅም በላስቲክ ከረጢት ቋጥሬ አኖርሁት፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ብፈታው ሻግቶ አገኘሁት። የሚያውቁትን ብጠይቅ ሁለት ጊዜ እንደ ተሳሳትሁ ነገሩኝ።

ፊተኛው ስሕተት ከአንዲት ዛፍ መልቀሜ ነው። ከአንዲት እናት የተወለዱ ችግኞች ዘመዳሞች ስለሆኑ፥ ኋላ እርስ በርሳቸው ቢዳቀሉ ዘራቸው ይደክማል፤ አንዱን የጣለ በሽታም ሌላውን ለመጣል አይቸገርም። ስለዚህ ቢቻል ከ30 ከማያንሱ፥ ከተራራቁም ዛፎች መልቀም ይገባል፤ በአንድ ዐፀድ ይህን ያህል ካልተገኘም ከጎረቤት ደብር ጋራ መረዳዳት ነው። ደግሞም ኮሶ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ነውና፥ ፍሬ የለውም ብለን ወንዱን ብንቈርጥ ሴቲቱን መካን እናደርጋታለን።

ሁለተኛው ስሕተት እርጥቡን ማኖሬ ነው። የጽድና የግራር ዘር በበሰለ ጊዜ ተለቅሞ፥ ከልባሱ ተጠርቶ፥ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ደርቆ፥ አየር በማያስገባ ዕቃ በቀዝቃዛ ስፍራ ቢቀመጥ ብዙ ይቈያል። በዕቃውም ላይ የዛፉ ስም፥ የተለቀመበት ስፍራና ቀን ይጻፍበት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1976 ዓመት በአዲስ አበባ ተመሥርቶ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤትም፥ መድረቅን የሚችለውን ዘር አድርቆ ውሃ በሚያረጋ ብርድ ያኖረዋል።

የጥቁር እንጨት ዘር ግን ይህን አይታገሥም። ከደረቀና ከቈየ የመብቀል ኀይሉ ቶሎ ይጠፋልና፥ ለቅሞ ወዲያው መዝራት ነው። የርሱ ጐተራ ቆሞ ያለው ዛፍ ራሱ ነው።

ይህንንም ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ለአዲሱ አዳራሽ ስፍራ እንዲሆን በሰሜን በኩል ያሉት ሁለቱ ጥቁር እንጨቶች ይቈረጡ የሚል አሳብ መቅረቡን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አዳራሹን ዐሥር ክንድ ፈቀቅ አድርገን ብንሠራው ምንም አይጐድልበትም፤ ዘሩ የጠፋ ዛፍ ግን በገንዘብ አይገዛም። አባቶቻችን ጠብቀው ያስረከቡንን እኛም ለሚመጣው ኢዮቤልዩ እንድናስረክብ እለምናችኋለሁ።