የተዘጋ ክዳን፣ ያልተኛ ኮምፒውተር



የማነሣው ጉዳይ ጥቃቅን ቢመስልም የብዙ ቀን ድካም ያጠፋል። በሊኑክስ የሚሠራ ላፕቶፕ ክዳኑ ተዘግቶ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ከሰዓታት በኋላ ሲወጣ ሞቆ፣ ባትሪውም ተሟጥጦ ይገኛል። ሳይቀመጥ የቀረ ጽሑፍ ከኃይሉ ጋር አብሮ ይጠፋል። ባለቤቱም ባትሪው አርጅቷል ብሎ ሌላ ሊገዛ ይነሣል። እኔ ግን ገንዘቡን ከማውጣቱ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ እንዲያነሣ እመክራለሁ፤ መሣሪያው በእርግጥ ተኝቶ ነበርን?

የኮምፒውተር እንቅልፍ አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ኤሲፒአይ የተባለው የኃይል አስተዳደር ደንብ ደረጃዎችን ይለያል። በኤስ 3 ደረጃ ፕሮሰሰሩ ኃይል ይቋረጥበታል፤ ራሙ ግን ይዘቱን ለማቆየት ጥቂት ኃይል ያገኛል። በኤስ 4 ይዘቱ ወደ ዲስክ ተጽፎ መሣሪያው ይጠፋል። ከእነዚህ ሌላ ሊኑክስ ኤስ-ቱ-አይድል የሚለው ቀላል እንቅልፍ አለ። በዚህ ጊዜ ፕሮግራሞች ባሉበት ይቆማሉ፣ ፕሮሰሰሩም ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል፤ ነገር ግን አንድ የውስጥ አካል እንኳ በአግባቡ ካላረፈ ባትሪው ማለቁን ይቀጥላል። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ኤስ 3ን ጨርሶ አያቀርቡም።

ስለዚህ ምርመራውን በቅደም ተከተል ማካሄድ ይገባል። በመጀመሪያ፣ በሲስ ማውጫ ውስጥ፣ ፓወር በተባለው ንዑስ ማውጫ ያለውን ሜም-ስሊፕ የተሰኘ ፋይል እናንብብ። በማዕዘን ቅንፍ የተከበበው ቃል በሥራ ላይ ያለውን የእንቅልፍ ዓይነት ያመለክታል። ዲፕ የሚለው ቃል ከቅንፍ ውጭ ከተገኘ፣ ላፕቶፑ ኤስ 3ን ያውቃል ማለት ነው። ቃሉን በፋይሉ ላይ በመጻፍ መሞከር ይቻላል፤ ለውጡ ኮምፒውተሩ ዳግም ሲነሣ ስለሚሻር ሙከራው ዘላቂ አይሆንም።

ቀጥሎ መዝገቡን በጆርናል-ሲቲኤል እንመልከት። ባትሪው አልቆ ኮምፒውተሩ ከጠፋ፣ መታየት ያለበት ያለፈው አነሣሥ መዝገብ ነው። መተኛቱን የሚገልጽ መስመር ከሌለ፣ የክዳኑን መዘጋት የሚመለከተውን የሎግ-ኢን-ዲ ቅንብር፣ እንዲሁም እንቅልፍን የከለከለ ፕሮግራም መኖሩን እንፈትሽ። ተኝቶ ወዲያው ነቅቶ ከሆነ ደግሞ፣ በፕሮክ ማውጫ፣ በኤሲፒአይ ሥር ያለው ዌክ-አፕ የተባለ ፋይል ለመቀስቀስ የተፈቀደላቸውን አካላት ይዘረዝራል። በዩኤስቢ የተሰካ ማውስ መነካካቱ ብቻ ላፕቶፑን ሊያነቃው ይችላል።

በመጨረሻ እንለካ። ከመተኛቱ በፊትና ከአንድ ሰዓት በኋላ የባትሪውን መቶኛ እንመዝግብ፤ በአንድ ጊዜም አንድ ቅንብር ብቻ እንለውጥ። ሁለት ነገር አብረን ከለወጥን መድኃኒቱ የትኛው እንደሆነ አናውቅም።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚሠራ ሰው ኤስ 4 ይበልጥ አስተማማኝ ነው፤ ባትሪው ቢያልቅ እንኳ በዲስክ ላይ ያለው አይጠፋም። ለዚህ ግን የራሙን ይዘት የሚችል የስዋፕ ቦታ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ሙከራውንም ጠቃሚ ጽሑፍ ሳይከፈት፣ መሣሪያው ዓይናችን ሥር ሆኖ እንድታደርጉት አደራ እላለሁ።