ክፍል ለሚፈልጉ ልጆቻችን
(ለማኅበራችን አባላት ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ስድስት ኪሎ ለሚማሩና ዶርም ለማያገኙ ልጆች የአካባቢው ኪራይ አይቀመስም። ስለዚህ ወደ እኛ ወደ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ይመጣሉ።

ነገር ግን ኪራዩ የቀነሰ ሁሉ ርካሽ አይደለም። ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ስድስት ኪሎ በሁለት ታክሲ የምትመላለስ ልጅ በቀን አራት ጊዜ ትከፍላለች። ይህን ከኪራዩ ጋር ደምሩት። ማታ ታክሲ ካጣች ደግሞ ነገሩ ከብር ያልፋል።

ክፍል ስናፈላልግላቸው እንጠይቅ፦ ከታክሲ መውረጃው ይርቃል? ውኃና መብራት ለብቻ ይከፈላል? የግቢው በር ስንት ሰዓት ይዘጋል?

ውልም ይጻፍ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በየአካባቢያችን ምዝገባው እንዴት እንደሚፈጸም ወረዳውን እንጠይቅ።

ከመካከላችን ተከራይም አከራይም አለን። ሰርቪስ ቤት አከራይተን ልጆች የምናሳድግ ብዙዎች ነን፤ በነፃ አከራዩ አንልም። ፈተና በደረሰበት ሰሞን «ጨምሪ፣ አለዚያ ልቀቂ» የምትባል ልጅ ግን በእኛ ግቢ አትኑር። የእኛም ልጆች ነገ ጅማ ወይም ባሕር ዳር የሰው በር ያንኳኳሉ።

ደጋፊዎቻችን፣ ለቅድሚያ ክፍያ የሚሆን አነስተኛ የብድር ገንዘብ እንድናቋቁም አግዙን።